ያልተሰበረው ክንድ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ተጨምቆ መጨረሻው ምን ያህል ነው? ወጣት ሳለሁ፣ ሜሪዳ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስማር፣ ከጓደኞቼ ጋር ይህን ጥያቄ ይዘን ስንሟገት እንውል ነበር፤ መልስ ያገኘ ግን አልነበረም። በእኛ ከተማ መልሱን የሚያውቀው አናጺው ነው። የሟቹን የጭን አጥንት ይለካል፣ ሁለት ጣት ይጨምርበታል፣ በዚያ ልክ ሣጥን ይሠራል። የቀረው ሰውነት በሙሉ እዚያች ውስጥ ይበቃዋል። ከታች የእጅና የእግር ጣቶች፣ በላያቸው ጎድኖች፣ ዳርና ዳር ረዣዥሞቹ አጥንቶች፣ ከሁሉ በላይ የራስ ቅል። ክዳኑ ገርበብ ይደረጋል እንጂ አይዘጋም። የተዘጋበት ሰው ይከፋዋል፤ የከፋው ደግሞ በየመንገዱ ይዞራል ይባላል።

ሲክስታ ኤዋን በሰባ ዓመቷ ከእንደዚህ ያሉ ሣጥኖች ስንቱን እንዳሰናዳች እሷም አታውቀውም ነበር። እንጀራዋ ነው። ዓመቱን በሙሉ ለሙታን የሚነጠፈውን ጨርቅ ትጠልፋለች፤ ኦክቶበር ሲጋመስ ደግሞ ብሩሿንና ጨርቆቿን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ላይ ጭና ወደ መቃብሩ ትወርዳለች። እኛ ሙታናችንን አፈር ውስጥ የምናቆያቸው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወጥተው ሣጥናቸው ይሠራላቸዋል፣ በግንቡ መደርደሪያ ላይ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ በየዓመቱም ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ የሚባልበት የሙታን ቀን ሳይደርስ አጥንታቸው ይጠረጋል፣ ልብሳቸውም ይቀየራል። ልጆቹ ለሆቴል ሥራ ወደ ባሕር ጠረፏ ከተማ ወደ ካንኩን የሄዱበት፣ ወገቡ አልታዘዝ ያለው፣ የአባቱን የራስ ቅል ማንሣት ያልደፈረ፣ ሁሉም ሲክስታን ይጠራ ነበር።

ስትሠራ ዝም አትልም፤ ከሙታኑ ጋር ታወራለች። በሕይወቱ ሳለ በር የማይበቃው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበረን። እሱን ስትጠርግ፣ «አየህ፣ አንተም እንዲህ ቀጠንክ» ትለዋለች። በቁጣዋ ሰፈሩን ስታንቀጠቅጥ ለኖረች አሮጊት ደግሞ፣ «ዛሬስ ጥርስሽን ለሳቅ አዋልሽው» ትላታለች። አንዴ አንዲት የሩቅ አገር ጎብኚ በአስተርጓሚ፣ ሬሳ ማንሣት አይከብድሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሲክስታ ቀና ሳትል፣ «ኧረ በእግሩ ሲሄድ ነበር የሚከብደው» አለች። ጎብኚዋ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

እኔና ሲክስታ አበልጆች ነን። አንድ ልጇን ዊልበርትን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወንድም ሳይጠሩት ከእናት ሆድ ይመጣል፤ አበልጅ ግን ታምኖ ይመረጣል። እኔን የመረጠኝ ባሏ ሊቦሪዮ ቱስ ነበር፤ ልጄን የተማረ እጅ ይንካልኝ ብሎ።

ሊቦሪዮ ከጫካው ዛፍ የማስቲካ ሙጫ የሚያልብ ሰው ነበር። በገመድ ታስሮ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ቅርፊቱን በገጀራ ይሸነትራል፣ ወተቱ እየተንጠባጠበ ከታች ባለው ከረጢት ይጠራቀማል። አንድ ቀን ገጀራው ቅርፊቱን ስቶ የራሱን ገመድ ቆረጠውና ወደቀ። የግራ ክንዱ ተሰበረ። ሐኪም ከየት ይምጣ፤ አንድ በቅሎ ነጂ በሁለት እንጨት መሃል አድርጎ አሰረለት። ክንዱ ዳነ፣ ግን ተጣሞ ዳነ፤ ስብራቱ የነበረበት ቦታ ቆዳው ሥር ድንች የተቀበረ ይመስል ነበር። በየሠርጉ ልጆች ያቺን ድንች ሊዳስሱ ይሰለፋሉ፣ እሱም በትዕግሥት ያጎነብስላቸዋል። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ከጫካ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልቡ ቀጥ አለች። ሲክስታ ሠላሳ ሁለት፣ ዊልበርት ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ሦስት ዓመት ሲሞላው ከአፈር የሚወጣበት ቀን ደረሰ። በእኛ ወግ ሚስት መቃብሩ መጀመሪያ ሲከፈት አታይም። ጨርቋን ታቅፋ መቃብሩ በር ላይ ትጠብቃለች። ጉድጓዱ አፋፍ የሚቆመው የልጁ ክርስትና አባት ነው። አይቆፍርም፣ አይሸከምም፣ ጸሎትም አያደርስም። ሥራው ዓይኑን ከአጥንቱ አለመንቀል ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ቆፋሪው ዶን ታቾ ሁለት መቃብር ከፍቶ ነበር። አንዱ የሊቦሪዮ፣ ሁለተኛው አጠገቡ የነበረው ኤቬሊዮ ፖት የሚባል ሰው። ኤቬሊዮ መንገድ ሥራ ሊሠራ ከሌላ አገር መጥቶ እዚሁ የሞተ ነው፤ ዘመድ አልነበረውም። የሁለቱም አጥንት እንዲደርቅ በየራሱ ጆንያ ላይ ተዘርግቷል። ይህ ሲሆን ከዋና ከተማው የመጣ አንድ ተመራማሪ የድምፅ መቅጃውን አንግቶ ወደኔ ቀረበ፤ ሞት ለሕዝባችሁ ምን ትርጉም አለው ሲል ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ የትምህርት ቤቱን ጠመኔ ስቆጥብ በኖርኩባቸው አሥራ አምስት ዓመታት እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ወሰድኩትና ተናገርኩ። ስለ ጊዜ ተናገርኩ፣ ስለ ነፍስ ተናገርኩ። ሞትን ከእኛ ይበልጥ ዓይን ለዓይን የሚያይ ሕዝብ የለም አልኩ፤ ዓይኔን ከአጥንቱ ነቅዬ።

ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ዶን ታቾ ተጣድፎ ሁለቱንም ጆንያ እየሰበሰበ ወደ መጠለያው ሮጠ። ስደርስ ላቡን እየጠረገ ነበር።

«መምህር፣ የአበልጅዎ የቱ ነበር? የቀኙ አይደል?»

አየሁ። ሁለት የራስ ቅል፣ ሁለቱም ብጫ፣ ሁለቱም አፈር የቀባቸው። ተመራማሪው ከኋላዬ ቆሟል፤ መቅጃው አልጠፋም። አላውቅም ማለት አንድ ቃል ነበር፤ አፈርኩ።

«አዎ፣ የቀኙ ነው» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ክንዱ ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የማይሞላ ሥራ ነበር፤ ሁለት አጥንት አንሥቶ መዳሰስ። ትዝ ያለኝ ማታ እራት ላይ ነው። ሚስቴ ጨው ልታቀብለኝ ክንዷን ስትዘረጋ ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩ። ማልበሱ በዝናቡ ለማግሥቱ ተላልፎ ነበርና ጠዋት ወደ መቃብሩ ገስግሼ ሄድኩ። ሲክስታ ከኔ ቀድማለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠለፈችውን ጨርቅ አንጥፋ፣ የኤቬሊዮ ፖትን ግንባር እየሳመች፣ «እንኳን ወጣህ» ትለው ነበር። ኮፍያዬን አውልቄ ትንሽ ቆምኩና ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ኦክቶበር ለመጀመሪያ ጊዜ አጥንቱን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረገች። በነጋታው ትምህርት ቤት መጣች። ተማሪዎቹ ወጥተው ብቻዬን ነበርኩ። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«አበልጄ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። የተሰበረ አጥንት መሬት ውስጥ እያለ ይድናል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። ሣጥኖቹ እዚያው ናቸው፣ ስማቸውን ፍቆ መለዋወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እሷም ተቆጥታ፣ አልቅሳ፣ ይቅር ትለኝ ነበር። እኔ ግን ጠመኔ አነሣሁ። የእኛ አፈር ኖራ መሆኑን፣ ኖራ የተጎዳ አጥንት ውስጥ ሰርጎ እየሞላ እንደሚያስተካክለው፣ በሦስት ዓመት የድሮ ስብራት ምልክቱ ሊጠፋ እንደሚችል አስረዳኋት። ሰሌዳው ላይ ሳልኩላት። ቀስት እንኳ ሳይቀር ሳልኩ፣ ኖራው በየት በየት እንደሚገባ የሚያሳይ። ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ቆማ ተመለከተችው። ከዚያ ሳቅ አለችና፣ «እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ» ብላ ወጣች።

ሰሌዳውን ያጠፋሁት በእጄ ነው፤ መጥረጊያው አጠገቤ እያለ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስንት ኦክቶበር አለፈ። ሲክስታ በየዓመቱ «ሊቦሪዮ ቱስ» የሚል ስም ያለበትን ሣጥን ከፊት ረድፍ አውርዳ ታለብሳለች፤ በየዓመቱ ሌላ አበባ፣ ሌላ ወፍ፣ ሌላ ቀለም። በቤቷም በሙታን ቀን፣ በጉድጓድ ፍም የበሰለውን የበቆሎ ድፎና አጥሚቱን በሊቦሪዮ ስም ታቀርባለች። እውነተኛው ሊቦሪዮ ደግሞ «ኤቬሊዮ ፖት» ተብሎ ከኋላው ግንብ ሥር፣ ውኃ በሚቋጥረው ታችኛው ረድፍ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ያለበሰው ጨርቅ መጀመሪያ ብጫ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በኋላ ጥቁር ሆነ። በዚያ በኩል እንዳላልፍ የእናቴን ሣጥን ለመጠየቅ ስሄድ እንኳ ዞሬ እሄድ ነበር።

አንድ ዓመት ግን ዝናብ መንገዱን ዘግቶት በዚያ አለፍኩ። ታችኛው ረድፍ ላይ አንድ ሣጥን ብቻ ንጹሕ ጨርቅ ለብሷል። በነጩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተጠልፏል፤ የማስቲካው ዛፍ ቅጠል። ሲክስታን ጠየቅኋት።

«ሰው ለሌለው ነው» አለችኝ መርፌዋን ሳታቆም።

ሰው ለሌለው ነፍስ አንድ ሻማ፣ አንዲት ትንሽ ድፎ መመደብ የሁላችንም ልማድ ነው። ስለዚህ አመንኩ። ማመን ስፈልግ ማንም አይቀድመኝም። ያ ተመራማሪ በኋላ ያሳተመው መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ስሜ ያለበትን ገጽ እስከ ዛሬ አንብቤ አልጨረስኩትም።

ሲክስታ ዛሬ አራት ዓመቷ ነው ከሞተች። እሷ አፈር ውስጥ ሳለች ከተማችን ብዙ ተለወጠች። ባቡሩ መጣ፤ ከባቡሩ ጋር ጎብኚው። ዊልበርት ሃያ ዓመት ሻንጣ የተሸከመበትን ሆቴል ትቶ ወደ ቤቱ ገባ፣ እንግዶችን መቃብሩን እያዞረ የሚያሳይ ሆነ። መልካም ሰው ነው። ሙታኑን ስም ጠርቶ ነው የሚያስተዋውቃቸው፤ ሳይፈቀድ የራስ ቅል የሚነካ ጎብኚ ካየ ያስወጣዋል።

ሦስት ዓመቷ ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ቆርጬ ነበር የሄድኩት። እናትህ ስትወጣ ከኋላው ግንብ፣ ታችኛው ረድፍ መሆን ትፈልግ ነበር አልኩት። በእጁ የያዘውን የሚስማር ፌስታል አስቀምጦ ሳቀ።

«አባባ፣ ውሻ እግሩን የሚያነሣበት? የከተማውን ሙት ሁሉ ስታለብስ ኖራ እሷ ከኋላ ልትጣል? ከፊት ነች፣ ከአባቴ ጎን» አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «ቆይ፣ ለምን ብላ?» ሲል ጠየቀኝ።

ልጅ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዝኩት ነገር ምላሴ ላይ መጣ። ይህ ሰው በየዓመቱ «አባዬ» እያለ የሚስመው አጥንት የማን እንደሆነ ልነግረው ነው። የክርስትና አባቱ ነኝ። በሕይወቱ ያደረግሁለት ሁሉ፣ ያስተማርኩት ፊደል ሳይቀር፣ በዚያች ሰዓት እጁ ላይ የሚሰበር መሰለኝ።

«ትሕትና ይሆናላ» አልኩት።

«እሱስ እውነት ነው፤ ራሷን ዝቅ ማድረግ ትወድ ነበር» አለና ወደ ሚስማሩ ተመለሰ።

ከዚያ በሁለተኛው ወር ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራ። መቃብሩ ሊታደስ ነው፤ መንገዱ ይነጠፋል፣ ግንቡ ቀለም ይቀባል፣ ከኋላ ያለው ታችኛው ረድፍ ውኃ ስለሚቋጥር ይፈርሳል። ባለቤት ያላቸው ሣጥኖች ወደ ላይ ይወጣሉ። የሌላቸው በአንድ ጉድጓድ ገብተው በሲሚንቶ ይደፈናሉ፤ ቄሱም ይባርካል። ጸሐፊው ስም በስም ያነብና ባለቤት እንዳለ ይጠይቃል። አንዳንዱ ተነሥቶ፣ የአያቴ አጎት ነው፣ እኔ እወስደዋለሁ ይላል፤ ሰው ይስቃል፣ የት ከርመህ ይሉታል፣ ይመዘገብለታል። አንዲት ሴት የማታውቀውን ሰው፣ ስሙ ደስ አለኝ ብላ ወሰደች። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

«ኤቬሊዮ ፖት» አለ ጸሐፊው። «ባለቤት?»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ኮፍያዬ ጉልበቴ ላይ፣ እጄ ኮፍያዬ ላይ። ምክንያት እንኳ አልተጠየቀም። እኔ እወስደዋለሁ ብል፣ ሽማግሌው ደግ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን ዊልበርት አጠገቤ ነው፤ ዞር ብሎ ቢያየኝ፣ ታችኛው ረድፍ ያልኩትን ቢያስታውስ፣ ሁለቱን ቢያገናኝ ብዬ ፈራሁ። ውጪ በረዶ ሻጩ ደወሉን እየመታ አለፈ። ደወሉ እስኪርቅ ጠበቅሁ።

«የለም» ብሎ ጻፈ ጸሐፊው።

ሲክስታ በኦገስት ወጣች። ጉድጓዱ አፋፍ እንድቆም ዊልበርት ለመነኝ፤ ቆምኩ። የዚያን ዕለት ዓይኔን አልነቀልኩም። አንድም አጥንት አላመለጠኝም፤ የመርፌ ጣቷን፣ ወፍራም የጉልበቷን አጥንት፣ ሁሉንም ወደ ሣጥኑ ሸኘሁ። ዛሬ ከፊት ረድፍ፣ ዊልበርት ባስገባው አምፖል ሥር፣ ከኤቬሊዮ ፖት ጎን ተቀምጣለች። እንግዶቹ ሲመጡ፣ እናትና አባቴ፣ ሞት እንኳ ያልለያቸው ይላቸዋል ዊልበርት፤ እነሱም ፎቶ ያነሷቸዋል። ከኋላ፣ ሊቦሪዮ የተደፈነበት ሲሚንቶ እርጥብ እያለ ዶሮ ሄዳበታለች፤ ዱካዋ ከዳር እስከ ዳር ታትሟል። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ምን እንደምልበት ስለማላውቅ ዱካውን ተከትዬ እራመዳለሁ።

ከቤቴ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ጨርቅ አለ። በነጭ ላይ አረንጓዴ ቅጠል። ሦስት ነበሩ፤ አንዱን የሷን ለዊልበርት ሰጠሁት። የሰጠችኝ ልትሞት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መረብ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ የመጨረሻውን ቅጠል ትጨርሳለች። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸውና ለማን እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«አንዱ ላገባሁት፣ አንዱ ላለበስኩት፣ አንዱ ለኔ» አለች።

ያልገባኝ መሰልኩ። መርፌዋን አስቀመጠች።

«አበልጄ፣ ያን ክንድ አሥር ዓመት ተንተርሼዋለሁ። በሰሌዳ ሳይሆን በጉንጬ ነው የማውቀው። ቀስት አያስፈልገኝም። የታችኛውን ሣጥንም ያኔውኑ ሄጄ ዳስሼዋለሁ።»

ታዲያ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። 

«ምን ልበል? ሲያላብዎት አየሁ። አበልጄን በአደባባይ አላዋርድም ብዬ ተውኩት። እያደር ደግሞ ያኛውም ሰው ለመደኝ። ማንም የለውም፤ አንዴ አልብሼው እንዴት እገፈዋለሁ?»

ውኃ አቀበልኋት፤ ጠጣች። ከዚያ ጨርቆቹን አጣጥፋ ጭኔ ላይ አደረገቻቸውና እንዲህ ብላ ለመነችኝ።

«ለዊልበርት እኔ ብነግረው፣ ሕመሙ አናቷ ላይ ወጣ ይላል። እርስዎን ግን ያምናል። ሦስት ዓመቴ ሲሞላ ይንገሩት። ሊቦሪዮን ከዚያ ውኃ ያውጡልኝ፣ ያንንም ምስኪን አታባርሩት፣ እኔን ከሁለቱ መሃል አድርጉኝ። ከኋላም ይሁን ከሥር ግድ የለኝም። ብቻ መሃላቸው።»